ብርድ ልብሱ የሕፃኑ ነው፦ ለሆስፒታላችን አስተዳደር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ
ግልባጭ፦ ለጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊ፣ ለንብረት አስተዳደር ክፍል፣ ለሀዋሳ ነዋሪዎች
ሀዋሳ

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍልዎ ያለ ጊዜያቸው ለሚወለዱ ሕፃናት ትንንሽ ብርድ ልብስ እየሰፋን በነፃ የምንሰጥ የሀዋሳ ሴቶች ነን። የሆስፒታሉን ስም ሆን ብለን አልጻፍንም። ማንንም ማዋረድ አንፈልግም። ደብዳቤው እርስዎን እንደሚመለከት ግን እርስዎም ያውቃሉ፤ የክፍሉ ሲስተሮችም፣ በር ላይ ያሉት ጥበቃዎችም ያውቃሉ።

አደባባይ የወጣነው ሌላው መንገድ ስላላስኬደን ነው። በቃል ጠየቅን። ማመልከቻ አስገባን። መዝገብ ቤት ተቀብሎን ቁጥር ሰጠን፤ መልስ ግን አልመጣም። "ስብሰባ ላይ ናቸው" ተባልን። "ሌላ ቀን ተመለሱ" ተባልን። በመጨረሻ በጨቅላ ሕፃናት ክፍል በር ላይ በፕላስተር የተለጠፈች ወረቀት ጠበቀችን። "ከውጭ የተሰፋ ማንኛውም ጨርቅ ወደ ክፍሉ አይገባም" ትላለች። ማህተም አላት፣ ምክንያት ግን አልተጻፈባትም። ያነበበልን ጥበቃው ነው። ብርድ ልብሶቹን በፌስታል እንደያዝን ተመለስን።

ስለ ራሳችን ትንሽ እንንገርዎ። ስም ያለው ድርጅት አይደለንም። ታቦር አካባቢ አንዲት እናታችን ግቢ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን እንሰፋለን። እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። ከመካከላችን አስተማሪ አለች፣ ጉልት የምትቸረችር አለች፣ የቤት እመቤት አለች። ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ይሠሩ የነበሩ ልጆችም አሉን። ኢትዮጵያ በ2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ከአጎዋ፣ ማለትም አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድል፣ ከወጣች በኋላ ሥራቸውን ያጡ ናቸው። ኦቨርሎክ በሚባለው የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ መኪና ላይ እጃቸው የሚደርስበት የለም። ቀኑን ሙሉ የሸሚዝ እጅጌ ብቻ ሲገጥሙ ከርመው፣ አሁን አንድ ነገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሠርተው ለማን እንደሚሆን ማወቃቸው ትልቅ ደስታ ነው ይሉናል። አንዳንዶቻችን ደግሞ ራሳችን ያለ ጊዜው የተወለደ ልጅ ያሳደግን እናቶች ነን። ነገሩን የጀመርነውም እኛ ነን፤ ምን እንደሚጎድል እዚያ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን አይተነዋል።

ብርድ ልብስ ትንሽ ነገር ይመስላል። ለምን ትንሽ እንዳልሆነ እርስዎ ከእኛ በላይ ያውቃሉ። ደብዳቤው ግን ለከተማው ሰውም ስለሆነ እንዘርዝረው።

አንድ ሕፃን 37 ሳምንት ሳይሞላ ከተወለደ ያለ ጊዜው ተወለደ ይባላል። ክብደቱ ከ2500 ግራም በታች ከሆነ ዝቅተኛ ክብደት አለው ይባላል። እኛ ከምንሰፋላቸው ውስጥ 1500 ግራም የማይሞሉ አሉ። ሱቅ ውስጥ የሚሸጠውን የአንድ ሊትር ተኩል ሃይላንድ ውሃ በእጅዎ ያንሱት፤ ያን ያህል ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን ሙቀት የሚሰጠው ስብ ገና አልተጠራቀመለትም። ቆዳው ስስ ነው። ከክብደቱ ጋር ሲተያይ ገላው ሰፊ ስለሆነ ሙቀቱ ቶሎ ያመልጣል፣ በተለይ በጭንቅላቱ በኩል። ትልቅ ሰው ሲበርደው ይንቀጠቀጣል። እሱ ይህን እንኳ አይችልም። ያለችውን ጥቂት ጉልበት ራሱን ለማሞቅ ይጨርሳታል፤ ለመተንፈስና ለማደግ የሚተርፈው ያንሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው የጨቅላ ሕፃን ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መሆን አለበት። ከ36 ሲወርድ ነገሩ አስጊ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2016 በአገር አቀፍ ደረጃ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት፣ በኢትዮጵያ በሕይወት ከሚወለዱ 1000 ሕፃናት 29ኙ የመጀመሪያ ወራቸውን ሳይጨርሱ ይሞቱ ነበር። ከምክንያቶቹ አንዱ ያለ ጊዜ መወለድ ነው። ሀዋሳ ሞቃት ናት ይባላል፣ ቀኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከሐይቁ በኩል የሚነፍሰውን ብርድ በዚያ ክፍል ያደረ ሁሉ ያውቀዋል።

ሕፃኑ የሚሞቅበት ሳጥን፣ ኢንኩቤተሩ፣ ለሁሉም አይበቃም። መብራትም ይጠፋል። ስለዚህ እናት ልጇን ገላ ለገላ ደረቷ ላይ አድርጋ ታሞቀዋለች። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ነው። የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ነው። ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሳናብሪያ የጀመሩትም ኢንኩቤተር ስላነሳቸው ነበር። በአገራችንም ስለዚሁ እንክብካቤ አዲስ አበባ ላይ የተደረገ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2005 ታትሟል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ምክር ደግሞ ሕፃኑ እንደተወለደ ቶሎ እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሆን ይላል። እናት ሌሊቱን ሙሉ ደረቷን ከፍታ ልጇን ታቅፋ ስትቀመጥ የሕፃኑ ሆድ ከእሷ ጋር ነው፤ ጀርባው ግን ለአየሩ የተጋለጠ ነው። እሷም ትከሻዋ ተራቁቶ ይበርዳታል። የእኛ ብርድ ልብስ የሚያርፈው እዚያ ነው፣ በሕፃኑ ጀርባና በእናቲቱ ትከሻ ላይ። ሰፋ አድርገን የምንሰፋው ደግሞ ኢንኩቤተር ላይ ይጣላል፤ የአምፖሉን ብርሃንና የክፍሉን ጫጫታ ይቀንስለታል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በእንዲህ ያለ ክፍል ድምፅ ከ45 ዴሲቤል ባያልፍ ይመረጣል ይላል። ይህ ቀስ ብሎ ከማውራት ብዙ የማይበልጥ ድምፅ ነው።

የማይደረብበትንም ቦታ እናውቃለን። ከላይ በሚያሞቅ መሣሪያ ሥር ላለ ሕፃን ብርድ ልብስ አይደረብም፣ ሙቀቱን ይከለክልበታል። ለቢጫነት የብርሃን ሕክምና ላይ ላለም አይደረብም። ፊቱ ላይ ደግሞ መቼም አይወጣም። ይህን ያስተማሩን የእናንተው ሲስተሮች ናቸው። ከእነሱ ጋር ተግባብተን ነው ስንሠራ የቆየነው። ወረቀቷ እስክትለጠፍ ድረስ።

ወደ ቅሬታችን እንግባ።

የመጀመሪያው ይኸው ወረቀት ነው። ምክንያቱ ኢንፌክሽን እንደሆነ የሰማነው በወሬ ወሬ ነው። ሥጋቱ እውነተኛ ነው። እንዲህ ያለ ሕፃን በሽታ የመከላከል አቅሙ ገና ነው፤ ያልታጠበ አንድ እጅ ይበቃዋል። ቁጥጥር ይኑር ከተባለ ከማንም በፊት የምንደግፈው እኛ ነን። ያልገባን፣ ብርድ ልብሱ እንዴት እንደሚሠራ አንድም ሰው ሳይጠይቀን እንዴት እንደተከለከለ ነው። ስለዚህ አሁን እንንገርዎ።

ጨርቁ ንጹህ ጥጥ ብቻ ነው። ከጠረጠርን ከዳሩ አንድ ክር መዝዘን በክብሪት እናቃጥላለን። ጥጥ ነዶ ልስልስ አመድ ይሆናል፤ ሰው ሠራሽ የተቀላቀለበት ቀልጦ ይጠጥራል፣ ያንን አንወስድም። ሳይቆረጥ በፊት በሙቅ ውሃ ይታጠባል። አዲስ ጨርቅ ከፋብሪካ ማጠንከሪያ ይዞ ይመጣላ። ጥጥም ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ አስቀድሞ ካልተሰበሰበ ብርድ ልብሱ አንዴ ሲታጠብ ይጨማደዳል። ከዚያ ፊቱ ከቁርጥራጭ ጨርቅ እየተገጣጠመ ይሰፋል። ጀርባው ለስላሳ ፍላኔል ነው። መሃሉ ላይ ስስ የጥጥ ገበር ይገባል፤ ገበሩ ታጥቦ አንድ ጥግ እንዳይከማች ከላይ በመስመር በመስመር ይሰፋል። ስፋቱ 60 በ60 ሴንቲሜትር ነው።

ስፌቱ ጥቅጥቅ ያለ ነው። በረጅም ስፌት ውስጥ የሕፃን ጣት ይገባል። የላላ ክር ጣት ላይ ተጠምጥሞ ደም ሊያግድ ይችላል። የክሩ ጫፍ ሁሉ ወደ ውስጥ ገብቶ ይታሰራል። አዝራር አናደርግም። ሪባን፣ ዳንቴል፣ ዶቃ አናደርግም። አንዲት ሲስተር ፊቱ አጠገብ ቢጫ ጨርቅ እንዳናደርግ ነግራናለች፤ የሕፃኑን ቆዳ ቢጫነት ለማየት ያስቸግረናል ብላ። ከዚያ ወዲህ ቢጫ ጨርቅ ቢመጣልንም ለሌላ ነገር እናውለዋለን። ሥራው ሲያልቅ እናታችን መነጽራቸውን አድርገው እያንዳንዱን ይፈትሻሉ። ገልብጠው ያዩታል፣ በጥፍራቸው ስፌቱን ይጭሩታል፣ በመጨረሻ ጉንጫቸው ላይ ያሹታል። ከቆረቆራቸው "ፍቺው" ይላሉ። የተባለችው ትፈታዋለች፤ ማንም አይከራከራቸውም። ቀጥሎ ሽታ በሌለው ሳሙና ይታጠባል፣ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በጋለ ካውያ ይተኮሳል፣ ንጹህ ፕላስቲክ ውስጥ ይታሸጋል።

ይህ አይበቃም ከተባለ፣ አይበቃም ይበሉን። በስንት ዲግሪ እንጠበው? ሆስፒታሉ በራሱ ላውንደሪ ደግሞ ይጠበው? ሁሉንም እንቀበላለን። የማንቀበለው መመዘኛ ሳይሰጡን "ቆሻሻ" መባልን ነው።

ደግሞስ ወረቀቷ ከተለጠፈች በኋላ ክፍሉ ውስጥ የውጭ ጨርቅ ቀረ? አልቀረም። ከአለታ ወንዶ፣ ከበንሳ፣ ከሻሸመኔ በሚኒባስ የምትመጣ እናት በመንገድ አቧራ የለበሰችውን ጋቢ ልጇ ላይ ትደርባለች። ምን ታድርግ? አባት ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ካለ ሱቅ ያልታጠበ ፎጣ ገዝቶ ሮጦ ይመጣል። ለመድኃኒት ከያዛት ላይ ቀንሶ ነው የሚገዛው። እነዚህ ሁሉ ይገባሉ፣ የተመለሰው የእኛ የታጠበው ነው። ክልከላው የውጭ ጨርቅን አላስቀረም። ታጥቦ ተፈትሾ የሚመጣውን ለይቶ ነው ያስቀረው።

ሁለተኛው ቅሬታችን ከወረቀቷ በፊትም የነበረ ነው፣ የንብረት ክፍሉ ነገር። ድሮ ብርድ ልብሱን ለክፍሉ ሲስተር በእጇ እንሰጣት ነበር። በአንድ ወቅት "ስጦታ በሞዴል 19"፣ በንብረት መቀበያ ደረሰኙ ማለት ነው፣ "ገቢ መሆን አለበት" ተባለ። እሺ አልን። የመንግሥት ሥራ ነው፣ መመዝገቡ ተገቢ ነው። ከዚያ ወዲህ ግን ብርድ ልብሱ ቀጥታ ስቶር ይገባል። ከስቶር ለማውጣት ክፍሉ በጽሑፍ ይጠይቃል፣ ኃላፊ ይፈርማል፣ ወጪ ይቆረጣል። ስቶሩ ማታ ዝግ ነው። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድም ዝግ ነው። ያለ ጊዜው የሚወለድ ሕፃን ደግሞ ቀን መርጦ አይመጣም።

አንድ ቅዳሜ ማታ የደረሰውን እንንገርዎ። አንዲት ሲስተር ለአንዳችን ስልክ ደወለች። መብራት ሄዷል፣ ጄኔሬተሩ አልተነሳም፣ ሕፃናቱ በየእናቶቻቸው ደረት ላይ ናቸው። የሚደርቡት ግን የለም። "ያመጣችሁት ስቶር ውስጥ ነው፣ ቁልፉ ያለው ሰው ደግሞ ስልኩ ዝግ ነው፤ ቤት የቀረ ነገር አላችሁ?" አለች። ገና ያልተጨረሱም ያለቁም ነበሩ። ያለቁትን ሰብስበን በባጃጅ ላክን። ሲስተሯ የወጡ ደንቦችን ጥሳ ተቀበለችን። ስሟን የማንጠቅሰው ለዚህ ነው። ሙሉ ካርቶን ብርድ ልብስ ከሕፃናቱ በአንድ ኮሪደር ርቀት ተቆልፎበት አደረ።

የስቶሩ ነገር ሌላም ጣጣ አለው። ብርድ ልብሱ አንዴ የሆስፒታሉ ንብረት ከተባለ የሕፃኑ መሆኑ ይቀራል። ሦስተኛውና ከሁሉ በላይ ያስቆጣን ይህ ነው።

በሐምሌ አንድ ጠዋት ከመካከላችን አንዷ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ በር ላይ ያየችውን ነው የምንጽፈው። ካፊያ ይጥላል። መንታ የወለደች እናት ከአማቷ ጋር ልትወጣ ነው። ሕፃናቱ በእኛ ብርድ ልብስ ተጠቅልለዋል፤ አንዱ ሰማያዊ፣ አንዱ ደግሞ ከቡና ሥዕል ጨርቅ የተሰፋ። ጥበቃው የመውጫ ወረቀት ጠየቀ። የሂሳቡንና የሕክምናውን አሳየችው። "የብርድ ልብሱስ?" አላት። የላትም። ሁለቱን ሕፃናት አጥሩ ሥር፣ ጥላ እንኳ በሌለበት ፈታቻቸው። አማቷ ነጠላቸውን አውልቀው ለሁለት ቀደዱት። በግማሽ ነጠላ ግማሽ ነጠላ ተጠቅልለው ባጃጅ ውስጥ ገቡ። ብርድ ልብሶቹ የጥበቃ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ እርጥብ ሆነው ቀሩ። ጥበቃው ላይ አንፈርድም። የታዘዘውን ነው የሠራው፣ እሱም ፊቱ ደስ አላለውም ነበር።

ያን ጊዜ የወጡት ሕፃናት የወጡት ድነው አይደለም። ክብደት መጨመር ስለጀመሩ ነው። ገላ ለገላው ቤት ውስጥም ይቀጥላል። ክፍሉ ውስጥ ሙቀቱ በየጊዜው ይለካላቸዋል፤ ቤት ውስጥ የሚለካላቸው የለም። ብርድ ልብሱ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ከበሩ ወዲያ ነው። ስንሰፋም ያሰብነው ይህን ነው። ለክፍሉ አልጋ ልብስ አልሰፋንም። ለአንድ ሕፃን ነው የሰፋነው፣ ይዞት ይሂድ ብለን።

ሳይሄዱ የሚቀሩም አሉ። ይህን ለመጻፍ ከብዶናል፤ ዝም ማለት ግን የባሰ ነው። አንድ አባት ልጁ ከሞተ በኋላ በተጠቀለለበት ብርድ ልብስ ልቅበረው ብሎ ለመነ። ሕፃኑ በሕይወት ሳለ ከእናቱ ገላ ሌላ የነካው ያንን ብቻ ነበር። "የሆስፒታሉ ንብረት ነው" ተባለ። ካርቶን ተሰጠው። ይህን የነገረን ራሱ ነው፤ ቤታችን ድረስ መጥቶ፣ ሌላ ካላችሁ ልግዛ አለን። አልሸጥንለትም። ሰጠነው። ከመካከላችን ያን ቀን መርፌ መያዝ የቻለች የለም። ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣ ይህን ያዘዙት እርስዎ ይሆናሉ ብለን አናምንም። ነገር ግን እርስዎ ካልከለከሉት በቀር ነገም ይደገማል።

አንድ ላይ ታጥቦ የሚጠፋውንም መጥቀስ አለብን። ብርድ ልብሶቹ ከአዋቂዎች አንሶላ ጋር ላውንደሪ ይገባሉ። ሲመለሱ ቁጥራቸው ይጎድላል። አንዱን ከእኛ መካከል ያለች አንዲት ልጅ አንድ ቢሮ ውስጥ ወንበር ላይ እንደ መቀመጫ ተነጥፎ አገኘችው። የራሷ ስፌት ነው፤ ሰው የእጁን ሥራ አያጣውም። አንስታ ልትወስደው ፈልጋ አፈረች። ትታው ወጣች።

ባለፈው ኅዳር ደግሞ ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ቀን ሲከበር ሌላ ነገር ሆነ። ቀኑ በየዓመቱ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 17፣ በእኛ ኅዳር 8 አካባቢ ነው። ከስቶር ብርድ ልብስ ወጣ፣ ካሜራ መጣ። ደረታቸው የተከፈተ እናቶች ሳይጠየቁ ፎቶ ተነሱ። ፎቶው ፌስቡክ ላይ ወጣ። ከሰዓት በኋላ ብርድ ልብሶቹ ተቆጥረው ወደ ስቶር ተመለሱ። ለእኛ ምስጋና ተነበበልን፤ ምስጋናውን ግን አልፈለግንም። የእናቶቹን ፈቃድና ብርድ ልብሱ እዚያው መቅረቱን ነው የፈለግነው።

አሁን የምንጠይቀውን እንጻፍ።

የተለጠፈችው ወረቀት ትነሳና በምትኩ የተጻፈ መመዘኛ ይውጣ። የጨርቁ ዓይነት፣ አስተጣጠቡ፣ ልኩ፣ ቀለሙ፣ አስተሻሸጉ ይዘርዘር። ሲዘጋጅ የክፍሉ ነርሶችና የኢንፌክሽን መከላከል ባለሙያው ይኑሩበት፤ እኛም ተጠርተን እንሰማ። መመዘኛውን ያላሟላ ብርድ ልብስ ይመለስልን፣ አናኮርፍም።

ምዝገባው ይቀጥል፤ ብርድ ልብሱ ግን ስቶር አይደር። ሞዴል 19 ሲቆረጥለት በዚያው ቀን ለክፍሉ ወጪ ይሁን። በክፍሉ ውስጥ አንድ ቁም ሳጥን ይመደብለት፣ ቁልፉ ማታም ቀንም ተረኛዋ ሲስተር ጋ ይሁን። ቁም ሳጥኑን እኛ ማሠራት እንችላለን።

ለአንድ ሕፃን የተሰጠ ብርድ ልብስ የዚያ ሕፃን ይሁን። ወጪ ሲደረግ "ለታካሚ የተሰጠ" ተብሎ ይመዝገብና በመውጫ ወረቀቱ ላይ አንዲት መስመር ትጨመር፤ ጥበቃውም ከጭንቀቱ ይገላገል። እናት ወደ ቤት ስትሄድ ይዛው ትሂድ። ሕፃኑ ካረፈም ቤተሰቡ ከፈለገ በእሱ ይጠቅልለው። ለዚህ ማንም ሰው ቆሞ መለመን የለበትም። ይህን አንዱን ጥያቄ ከሌሎቹ ለይተን ዛሬውኑ እንዲፈቅዱልን እንለምንዎታለን። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስብሰባም አይጠይቅም።

ስለ አጠባው፣ የእያንዳንዱ ሕፃን ብርድ ልብስ በራሱ ከረጢት ስሙ ተጽፎበት ላውንደሪ ይግባ። ከረጢቱን እንሰፋለን። ስለ ፎቶው፣ እናቶች አስቀድመው ይጠየቁ፣ እምቢ ያለች ትተው።

አሁን ስቶር ውስጥ ያሉት ብርድ ልብሶች የኅዳር ብርድ ሳይገባ ወደ ክፍሉ ይውጡ። ይህ የማይሆን ከሆነ ይመለሱልን፣ ለጤና ጣቢያዎች እናከፋፍላቸዋለን። ከእኛ ጋር የሚነጋገር አንድ ሰው በስሙና በስልኩ ይመደብልን። ለማመልከቻችንም በጽሑፍ መልስ ይሰጠን።

ለሀዋሳ ነዋሪዎችም አንድ ቃል አለን። ቤታችሁ ያለ ንጹህ የጥጥ አንሶላ፣ የልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ፣ ያልተነካ ፍላኔል ካለ አትጣሉት። ያረጀ ጥጥ እንዲያውም ይለሰልሳል፣ ታጥቦ ለገበር ይሆናል። ስፌት የማያውቅ ሰውም ይምጣ፤ ክር የሚቀብር፣ የሚተኩስ፣ የሚያሽግ እጅ ሁልጊዜ ያጥረናል። የሆስፒታሉ በር እስኪከፈትልን ድረስም መስፋታችንን አላቆምንም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣

የስፌት ስብስቡ አስተባባሪ
ስለ መላው ሰፊዎችና ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች እናቶች
ሀዋሳ